የስምንተኛ አልጋ ውሃ

ሐምሌ 3፣ 2017

ዛሬ ከኮምቦልቻ መሐንዲሶቹ መጡ። መሐንዲሶች እላለሁ እንጂ ሁለቱ ገና ጢም አላበቀሉም። ዋናው ሙዓዝ ይባላል፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ስለገባ ደህና ልጅ ነው ብያለሁ።

ያመጡት ቀጭን ጨርቅ ነው፤ ከዳይፐሩ ስር ይነጠፋል። ከጨርቁ የወጣች ሽቦ አልጋው ራስጌ ወደተሰቀለች ትንሽ ሳጥን ትገባለች። በሽተኛዋ ሽንት ሲያመልጣት ሳጥኗ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ስልክም ይጮኻል። ሴንሰር ይሉታል። በሽንት ርሶ መዋል ይቀራል፣ የመኝታ ቁስልም ይቀንሳል አሉ። በእኛ የሴቶች ክፍል ስድስት አልጋ ላይ ሁለት ወር ሊሞክሩት ነው።

እኔ እዚህ ክፍል ነርስ ሆኜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከበሩ ስገባ ብቻ የትኛዋ እንደረጠበች አውቃለሁ። ሆጤ ሰፈር ቤታችን ውስጥ እናቴን ሦስት ዓመት አልጋ ላይ አስታምሜ የተማርኩት ነው፤ ጀርባዋ አንድ ቀን ሳይላጥ ነው የቀበርኳት። ያን ጊዜ መብራት ያበራልኝ የለም።

የነርሶች አለቃ የሆኑት ማትረናችን ሲስተር አባይነሽ የዚህን ሥራ ኃላፊ ነገ እንመርጣለን አሉ። ሲናገሩ ወደ እኔ እያዩ ነበር።

ሐምሌ 4

ሀኒን መረጧት።

ሐምሌ 5

ትናንት ከዚያ በላይ እጄ አልጽፍ አለኝ።

ሀኒ ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመረች ዓመት ከመንፈቋ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ የደሴ ብርድ አልለምድ ብሏት ከጋውኑ ስር ሁለት ሹራብ ትደርባለች። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ አልዋሽም። ግን በሽተኛ ስታገላብጥ ወገቧን አጉብጣ ነው፤ ስንቴ አሳይቻታለሁ። ሲስተር አባይነሽ ጠርተውኝ፣ አንቺ ክፍሉን ያዢልኝ፣ ይሄ የስልክ ነገር ለልጆች ነው አሉኝ። ያከበሩኝ መስሏቸው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

ቅናት አይደለም። ቢያንስ ይጠይቁኝ ነበር ነው የምለው።

ሐምሌ 9

ዛሬ እኔና ሳጥኗ ተወዳደርን። ማንም አያውቅም። ሦስተኛ አልጋ ስትረጥብ ከመብራቱ ቀድሜ ደረስኩ። አምስተኛዋም ላይ እንዲሁ። ሁለት ለዜሮ። ከሰዓት ስድስተኛዋ ላይ ቀደመኝ፤ ጉንፋን ስለያዘኝ ነው።

ከጠረጴዛችን እስከ መጨረሻው አልጋ፣ እስከ ስምንተኛው፣ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ለአሥራ አንድ እርምጃ ስልክ ይጮኻል!

ሐምሌ 12

ስምንተኛ አልጋ ላይ አዲስ በሽተኛ ገቡ። እማማ ሐዋ ይባላሉ፣ ከኩታበር ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞታል፤ አንደበታቸውና ቀኝ እጃቸው ደህና ነው፣ ሽንት ግን ያመልጣቸዋል። የልጃቸው ሚስት ለይላ ታስታምማቸዋለች። ለይላ አማቷ ፊት ቀና ብላ የማታይ ዝምተኛ ናት፤ ኮሪደር ላይ ብቻችንን ስንሆን ግን አንደበቷ ተፈታ። እማማ ሐዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአገሩን ሴት ጀናዛ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው አለችኝ። ሴት ስትሞት መጀመሪያ የሚላክባቸው እሳቸው ናቸው። አጥበው፣ ከፍነው፣ አስተካክለው ለአላህ ያስረክባሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ሽንት ላይ ተኝቶ ሳይ አልቻልኩም። ተራዬ አልነበረም፤ ከሻይ ክፍል ሙቅ ውሃ ለምኜ ራሴ አጠብኳቸው። ስጨርስ እጄን ያዙና፣ "የሚያጥብ እጅ አውቃለሁ ልጄ፤ ያንቺ እጅ እጅ ነው" አሉኝ።

ይህን ሲሉ ክፍሉ ውስጥ የሰማ ሰው አለመኖሩ።

ሐምሌ 15

ዝናቡ ስድስተኛ ቀኑ። አንሶላ አይደርቅም። ኮሪደሩ ሁሉ ገመድ ተወጥሮበት እርጥብ አንሶላ እየገፋን ነው የምንሄደው። ሀኒ፣ ኮምቦልቻ እኮ ፀሐይ ነው ትላለች፣ ፀሐይዋን እሷ ያወጣቻት ይመስል።

ሐምሌ 17

ሐሙስ፤ የሙዓዝ ቀን። አንዲት በሽተኛ ስለወጣች ሴንሰሯ ወደ ስምንተኛ አልጋ ተዛወረ። ከዚያ ሰብስቦን ቁጥር አነበበ። በፊት አንዲት በሽተኛ ከረጠበች በኋላ ሰው እስኪደርስላት በአማካይ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ትቆይ ነበር፤ አሁን አሥራ ሁለት ደቂቃ። ሁሉም አጨበጨበ። የፊተኛው ሲለካ የእኔም ፈረቃ አለበት ወይ ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት።

ከሰዓት ወደ ሻይ ክፍል ስሄድ ከውስጥ፣ "ድሮ ሴንሰራችን ሰዒዳ ነበረች፤ እንግዲህ ጡረታ ትውጣ" ሲባል ሰማሁ። ሳቁ። እኔም ከበሩ ውጭ ቆሜ ሳቅሁ። ሻይ ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ሐምሌ 20

የእማማ ሐዋ መብራት ሲበራ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያያል። ሰባተኛዋ አልጋ ላይ ያሉት ሴትዮ በክፋት ሳይሆን ለመርዳት ብለው፣ በራ በራ እያሉ ይጣራሉ። እማማ ሐዋ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ። ዛሬ ሳገላብጣቸው፣ "አንቺ በእጅሽ ስትደርሽልኝ ማንም አያውቅብኝም ነበር" አሉኝ።

መብራቷ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ብንለጥፍ ያልቅ ነበር፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይጮኻል፣ ይበቃል። ግን ኃላፊዋ እኔ አይደለሁም። ሀኒ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ።

ዛሬ ደህና እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሐምሌ 24

ሀኒ ለእማማ ሐዋ ከስልኳ መንዙማ ከፈተችላቸው። ከየት አገኘሽው ስላት፣ ኮምቦልቻ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ስሰማው ነው ያደግሁት አለች። እማማ ሐዋ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኝ እጃቸው አልጋውን መታ መታ ያደርጉ ነበር። ሲያልቅ ለእሷም "ልጄ" አሏት። "ማሻአላህ ልጄ፣ አላህ ይውደድሽ" ብለው ረጅም ዱዓ አደረጉላት።

ክርስቲያኗ ልጅ ያሰበችውን እኔ ሙስሊሟ አላሰብኩትም። አንድ ወር ሊሞላ ነው አብሬያቸው ስሆን፣ ለእኔ ዱዓ ያደረጉት አንዴ ነው፣ ያውም አጭር።

ቤት ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ልጄ ዊዳድ ድንገት ሳቀች። ምን ሆነሽ ብላት፣ "እማ፣ ከገባሽ ጀምሮ ሀኒ ስትይ ዘጠነኛሽ ነው" አለችኝ። እንድትቆጥር ማን አዘዛት?

አንድ ወር አልሞላም። አሁን ቆጠርኩት፤ አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ፤ ሀኒ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ሙዓዝ ቁጥሩን ይዞ መጣ። ስምንተኛ አልጋ በቀን ሰባት ጊዜ ሲበራ የነበረው አሁን ሦስት ጊዜ ሆኗል። ሀኒ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። በሰዓት በሰዓቱ የሽንት ዕቃ እያቀረበች ልምምድ ታሠራቸው ነበር፤ ልምምዱ ሠራ አለች። ውሃም በቀን ሁለት ሊትር እያጠጣኋቸው ነው እንዲህ የሆነው ብላ ቅጹን አሳየችው። ጠዋት አንድ ነጭ ጆግ፣ ከሰዓት አንድ ነጭ ጆግ። ማታ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ሁለት ሊትር ብላ ትጽፋለች።

ነሐሴ 20 ኮምቦልቻ ስብሰባ አለ። ስለ ክፍላችን ሀኒ ትናገራለች። ማንም ሳይነግረኝ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበብኩት።

ነሐሴ 6

ዛሬ አንድ ነገር አየሁ።

የዙህር፣ የቀትር ሰላት ሰዓት ነበር። ስምንተኛ አልጋ ላይ መጋረጃው ተስቧል። መድኃኒት ይዤ ገለጥ ሳደርገው ለይላ ሳፋ ይዛለች፣ እማማ ሐዋ ለሰላት እየታጠቡ ውዱእ ያደርጋሉ። በቀኝ እጃቸው ከነጩ ጆግ ይቀዳሉ፣ ይጉመጠመጣሉ፣ ይተፋሉ። ፊታቸውን ሦስቴ። ያልታዘዘላቸውን ግራ እጃቸውን ለይላ ትደግፍላቸዋለች፤ እስከ ክርናቸው ሦስቴ። እግራቸውን ሦስቴ። ሠላሳ ዓመት ሌላውን ያጠቡ ሰው ናቸው፣ አንድ ቦታ አይዘሉም። ጆጉ አለቀ። አንዲት ጉንጭ ወደ ጉሮሯቸው አልወረደችም። ከንፈራቸውን አየሁት፤ ደርቋል። ሀኒ ጠጡ እያለች የምትመዘግበው ውሃ በሙሉ ለይላ ሳፋ ውስጥ ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ውሃ ካልጠጡ መብራቱ አይበራም። መብራቱ ካልበራ ሰው አያያቸውም፣ ልብሳቸውም ለሰላት ንጹሕ ይሆናል። ሰባት የነበረው ወደ ሦስት የወረደው በሀኒ ልምምድ አይደለም።

እማማ ሐዋ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ምንም አላልኩም። መጋረጃውን መልሼ ሳብኩት። ሰው ውዱእ ላይ እያለ ማናገር ደግ አይደለም።

ሽንት የማይቆምለት ሰው በየወቅቱ ውዱእ አድርጎ፣ ቢያመልጠውም መስገድ እንደሚችል አውቃለሁ። ውሃ የሚጎዳው ወይም የማይመቸው በሽተኛ በደረቅ አፈር ተየሙም እንደሚያደርግም አውቃለሁ። ለእናቴ ሦስት ዓመት በቆርቆሮ ደረቅ አፈር አስቀምጬላት ነበር። ቆርቆሮዋ አሁንም ቁምሳጥኔ ላይ ናት።

ነገ ለሀኒ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 7

ሥራ በዛ። ሁለት አዲስ በሽተኛ። አልተመቸኝም።

ነሐሴ 8

ሐሙስ። ስምንተኛ አልጋ ሁለት ጊዜ ብቻ። ሙዓዝ የስድስቱን አልጋ ሥዕል በኮምፒውተሩ አሳየን፤ የስምንተኛዋ መስመር ቁልቁል ትወርዳለች። ሀኒ ከደስታዋ ብዛት አቀፈችኝ። "እትዬ ሰዒዳ፣ አንቺ ባታሳዪኝ መች እችለው ነበር" አለች። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ወላሂ። ልክ ያን ጊዜ ሲስተር አባይነሽ በበሩ ብቅ አሉና፣ "አያችሁ የወጣት እጅ?" አሉ።

ዋጥኩት።

ቅጹ የእሷ ነው። ጆጉን የምታስቀምጠው እሷ ናት። ሲጠጡ ቆሞ ማየት የእሷ ሥራ ነው፤ ተምራለች፣ ዲግሪ አላት።

ነሐሴ 10

የእማማ ሐዋ ከንፈር ተሰነጣጠቀ። በእርጥብ ጎዝ ጠረግሁላቸው። ይህን ማድረጌ ይጻፍልኝ።

ይጠጡ እንጂ አልኳቸው፤ በዝግታ ነው ያልኩት። "ጠግቤያለሁ ልጄ" አሉ። አላስጨነቅኋቸውም።

ነሐሴ 12

ሽንታቸው ሻይ መስሏል። ጥቂት። ሀኒም አይታዋለች። አይታ ምን አለች? የመድኃኒቱ ቀለም ይሆናል አለች። ትማር።

ዛሬ ሰላት ላይ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፋኝ። ሁለቴ ደገምኩት።

ነሐሴ 14

እማማ ሐዋ ጠዋት ሰው አልለዩም። ትኩሳት። ለይላን በሞተች እህታቸው ስም ጠሯት። ዶክተር አግማስ እየሮጠ መጣ። ደም ተወሰደ፤ ኩላሊታቸው እየደከመ ነው፣ ሽንታቸውም መርቅዟል። ግሉኮስ ተሰካላቸው። 

ነሐሴ 14፣ ማታ ቤት

ጠዋት ቸኩዬ ነው የጻፍኩት። ሁሉንም ልጻፈው።

ዶክተር አግማስ ሀኒን በቀን ስንት ይጠጣሉ አላት። ሁለት ሊትር አለች። ቅጹን ሰጠችው፤ የየቀኑ ጽፈት ንጹሕ፣ አንድም ስርዝ የለበትም። ሁለት ሊትር የሚገባበት ሰው እንዴት እንዲህ ይደርቃል፣ ውሃው የት ሄደ አለ። ሀኒ ለይላን አየቻት። ለይላ መሬቱን አየች። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ውሃው ለውዱእ ነው የሚውለው አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሲስተር አባይነሽም ደርሰው ነበር። "መቼ ነው ያወቅሽው?" አሉኝ።

"ዛሬ" አልኩ።

እንዲህ ቀላል ነበር። "ዛሬ።" ሌላ ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም ዶክተሩ፣ ጎበዝ፣ ልምድ ማለት ይሄ ነው አለ። ሀኒ ቅጹን እጇ ላይ እንደያዘች ግድግዳው ተደግፋ ቆማ ነበር። ሳታለቅስ ዓይኗ ብቻ ቀላ። ወዲያው ከሴንሰሩ ሥራ ታገደች፤ ያላየችውን መዝግባለች ተብሎ። እውነት ነው፣ መዝግባለች። ያየሁትን ያልመዘገብኩት እኔ ግን ጎበዝ ተባልኩ።

ከነሐሴ 6 እስከ ዛሬ ስምንት ቀን ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ነሐሴ 7 ላይ አልተመቸኝም ብዬ እዚህ ጽፌአለሁ፤ አሁን መልሼ ሳነበው ያልተመቸኝ አንድም ቀን የለም።

ቀንቼ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ሃያ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜ አንድ ሰው እንኳ መስመር አልሠራልኝም፤ የእሷ መስመር ስትወድቅ ማየት ፈለግሁ። እማማ ሐዋ እንዲወድቁ አልፈለግሁም። አላህ ያውቃል፣ እሳቸው እንዲወድቁ አልፈለግሁም።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ሁለት ቀን ሙሉ የስምንተኛ አልጋ መብራት አልበራም፤ ኩላሊታቸው ሽንት አላወጣም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳጥኗን ነው የሚያየው። ሰባተኛዋ አልጋ ላይ ያሉት ሴትዮ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ሳጥኗ ዞረው ተቀምጠዋል።

ሀኒ ወደ ወንዶች ክፍል ተዛውራለች። የበዓሉን ዳቦ ለተረኞቹ ላከች። ለእኔም ቁራሽ ደረሰኝ። በላሁት።

ነሐሴ 17

በራ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በራ! ክፍሉ ሁሉ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን አለ። ከሳጥኗ ጋር ስወዳደር የከረምኩት እኔ፣ ቀይ መብራት አይቼ ከሁሉም ቀድሜ ሮጥኩ። አንሶላውን ራሴ ቀየርኩ።

እማማ ሐዋ ገና ይቃዣሉ፤ ትኩሳቱ ግን ወርዷል።

ከሰዓት ሲስተር አባይነሽ ኮምቦልቻ አንቺ ነሽ የምትሄጂው አሉኝ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር።

ነሐሴ 20

ከደሴ ፒያሳ በሚኒባስ ወረድኩ። ጠመዝማዛውን እየወረድን ሹራቤን አወለቅሁ፤ ከታች ፀሐይ ነው። ሀኒ እውነቷን ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሰው ይሆናል። ሀኒ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ነው ያነበብኩት፤ ስሟ ብቻ ተነቅሎ የእኔ ገብቷል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምስጋና መስመር አለች። "በእጃቸው ላስተማሩኝ ለሲስተር ሰዒዳ" ትላለች። ሊያጠፏት ረስተዋታል። ራሴን በራሴ አመስግኜ እንዳልታይ ዘለልኳት።

ስጨርስ አጨበጨቡ። ሃያ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ጭብጨባ እንደ ጉድ ረጅም ነበር። የት እንደማይ አላወቅሁም፣ እጄንም የት እንደማደርገው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲሉ እንዲህ ነው ለካ።

ሙዓዝ በመጨረሻ ተነስቶ፣ መሣሪያው ደረቅ ናቸው ሲለን ለምን ደረቁ ብለን አልጠየቅንም፣ ይሄ የእኛም ጥፋት ነው አለ። ጢም የሌለው ልጅ በሰው ፊት ጥፋቴ ነው አለ። እኔ ማስታወሻዬን እየሰበሰብኩ ነበር።

ነሐሴ 21

ሀኒ ዛሬ በእረፍቷ እማማ ሐዋን ልትጠይቅ መጣች። እሳቸው ልቦናቸው ተመልሷል፤ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ ማዶ ሰባተኛዋ አልጋ ላይ መርፌ እየነቀልኩ ነበር። ሀኒ ከልማዷ የደም ግፊታቸውን መለካት ጀመረች፤ እየለካች፣ ለምን ደበቁኝ እማማ፣ እኔ ጠጡ ስል ለእርስዎ ብዬ ነበር እኮ አለቻቸው።

እማማ ሐዋ፣ "አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ፣ አንቺን ልጎዳ አልነበረም" አሏት። ከዚያ በጣታቸው ወደ እኔ አሳዩ። "መጀመሪያ ልቤ ይፈራ ነበር፤ ራሴን በጥም ብገድል አላህ ምን ይለኛል እያልኩ። ኋላ ሰዒዳ ውዱእ ላይ እያለሁ አየችኝ። አይታኝ ዝም አለች። ይቺ ዲኑንም ሕክምናውንም የምታውቅ ናት፣ ዝም ካለች ይፈቀዳል ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጉንጭም አልቀመስኩ።"

"መቼ ነው ያየችዎት?" አለች ሀኒ።

"ኧረ ቆየ። ከመታመሜ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።"

ሀኒ አየሩን ከመለኪያው ለቀቀች። ቁጥሩን ጻፈች። አንገታቸው ስር ያለውን ትራስ አስተካከለች። በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች፤ ትናገረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። "እትዬ ሰዒዳ፣ ወንዶች ክፍል ጓንት አልቋል፤ ሲመጣ አንድ ካርቶን አስቀምጪልኝ" አለችኝ።

እሺ አልኳት።

ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? በዚህም ቀናሁባት፤ እኔ በቦታዋ ብሆን ከክፍሉ በር ሳልደርስ ለዓለም ነግሬ ነበር።

እማማ ሐዋ እኔን ሊከሱ አይደለም የተናገሩት። አመኑኝ። ዝምታዬን ፈትዋ፣ የዲን ፈቃድ፣ አድርገው ያዙት። እኔ ለሀኒ ያስቀመጥኩትን ዝምታ እሳቸው ተቀበሉት።

ነሐሴ 22

ለማንም አልተናገረችም። ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ፤ ማንም በክፉ አላየኝም።

ነሐሴ 23

ይህን ደብተር ይዤ ሲስተር አባይነሽ ቢሮ ገባሁ። ነሐሴ 6 ላይ ገልጬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ፤ ገጹን ገለጡ፣ ደግሞ ገለጡ። "ትማር" የሚለው ጋ ሲደርሱ አወቅሁ፤ ጣታቸው ቆመ። ስለ እሳቸው የጻፍኩትንም አንብበዋል።

ደብተሩን ዘጉት። "ለደብተር የነገርሽውን ለሀኒ ብትነግሪያት፣ ከስምንተኛ አልጋ እስከ ጠረጴዛው ስንት እርምጃ ነው?" አሉኝ።

"አሥራ አንድ" አልኩ።

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ወረቀት ሰጡኝ፤ ሁሉንም በእጄ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ነሐሴ 26

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማህደሬ ውስጥ ገባ። ሻይ ክፍል ስገባ ወሬው ይቆማል። ይገባኛል።

ሀኒ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እሷም ያላየችውን በመጻፏ ተግሣጽ ደርሷታል፤ ይገባኛል ብላ ተቀበለች። በሴንሰሩ ሥራ ከእንግዲህ እኔ የምታዘዘው ለእሷ ነው። ይቅርታ ስጠይቃት፣ "እትዬ፣ አሁን አልችልም፤ ቆይቶ" አለችኝ። እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ግን እውነተኛ ነው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ሳጥኖቹ ሁሉ ላይ ፕላስተር ለጠፍን፤ ስልኩ ለእኛ ይጮኻል እንጂ መብራቱ ለክፍሉ አይታይም። ሁለተኛ ጆግ አመጣን፤ ሰማያዊው ለውዱእ፣ ነጩ ለመጠጥ። ሁለት ጆግ። ለዚህ ነው ሰው ሊሞት የነበረው። የእናቴንም ቆርቆሮ ከቁምሳጥን አወረድኩ፤ ለይላ ከኩታበር ደረቅ አፈር አስመጥታ ሞላችው።

እማማ ሐዋ ጋ ቁጭ ብዬ ማለት የነበረብኝን አልኩ። እንዲህ ላለ በሽተኛ የሚፈቀደውን፣ እናቴ እንዴት ትሰግድ እንደነበረ፣ የዚያን ቀን ዝም ያልኩት ስለፈቀድኩ እንዳልሆነ። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። ቅናት ነው አልኳቸው። 

"እኔ ያጠብኳቸው ሴቶች ብዙዎቹ ይሄው ነበረባቸው" አሉ። "ውሃ አያስለቅቀውም። አፉ ብያለሁ።"

ለሀኒ እንዳደረጉት ረጅም ዱዓ አላደረጉልኝም። አስተዋልኩ። ማስተዋሌን የሚያስለቅቅልኝ ነገር ገና አላገኘሁም።

ነሐሴ 27

እማማ ሐዋ ለመውሊድ አገሬ ልግባ እያሉ ዶክተሩን ይለምናሉ። ውሃ በደንብ ከጠጡ ይሆናል ብሏቸዋል።

ይህ ደብተር ሊያልቅ አራት ገጽ ይቀረዋል፤ ይቅር። ያየሁትን እዚህ ጽፌ ቤቴ ይዤ ስገባ ነው የከረምኩት። ከእንግዲህ ሀኒ የምታነበው መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ዛሬ የጻፍኩትን ልቅዳውና ልዝጋ።

ስምንተኛ አልጋ። ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥር። ከነጩ ጆግ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሲጠጡ አይቻለሁ። ሰዒዳ።